«እናቲቱን እንጀራ እናት አድርጊያት»

በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የንባብ ቡድን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የንባብ ቡድናችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ ከየብሎኩ የመጣችሁ ጎረቤቶቻችን፣ የዕድራችን አባቶችና እናቶች፣ እንዲሁም ከኋላ ወንበር የተቀመጣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አስተባባሪዎቻችን ለዛሬው ምሽት የሰጡኝ ርእስ «ፍቅር በልብ ወለዶቻችን» የሚል ነው። ርእሱን ስቀበል አንድ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ይኸውም ስለ ወንድና ሴት ፍቅር ሌላ ሰው በሌላ ቀን እንዲናገር፣ እኔ ግን በወላጅና በልጅ፣ በወንድማማቾችና በጓደኛሞች መካከል ስላለው ፍቅር፣ ይልቁንም ሊኖር ሲገባው ስለሌለው ፍቅር እንድናገር ነው። ፈቃዱን ስለሰጡኝ አመሰግናቸዋለሁ። ቡድናችን በዚህ ዓመት የአባላቱንና የሰፈራችንን ወጣቶች አጫጭር ልብ ወለዶች ሰብስቦ በመድበል ለማሳተም መወሰኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዕር ያነሣችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፣ መራጭ የምንሆነውም ከመምረጣችን በፊት፣ በልቤ ይዤው የቆየሁትን ጉዳይ በዚህ መድረክ ልናገር ይገባኛል።

ስለ ፍቅር የተጻፈ የአማርኛ ልብ ወለድ ጥቀሱ ብንባል አብዛኞቻችን ያለ ማመንታት የምንጠራው የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብርን ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ያደመጥን ሰዎች የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ስም የምንጠራው የቅርብ ዘመድ ስም እንደምንጠራው ነው። ሆኖም በዚሁ መጽሐፍ ዙሪያ አንድ የአነባበብ ልማድ አብሮን አድጓል። ፍቅር የሁለቱ ወጣቶች ጉዳይ ነው፣ ቤተሰብ ደግሞ ያንን ፍቅር የሚከለክል አጥር ነው ብለን እናልፋለን፤ አጥሩ ራሱ ከምን እንደተሠራ ግን አንጠይቅም። በቤት ውስጥ ያለው ፍቅር ሳይታይ እንዳለ ይቆጠራል። እናት ትወዳለች፣ አባት ይወዳል፣ ወንድም ደም ነው ተብሎ ያልፋል። ደራሲው ይህን በተግባር እንዲያሳየን አንጠይቀውም፤ ሳያሳየን ሲቀርም የጎደለን አይመስለንም። ከዚህም የከፋው፣ አንድ ጸሐፊ ተነሥቶ በዚያ ቤት ውስጥ ፍቅር እንዳልነበረ ሲያሳየን ገመናችንን የገለጠ ያህል እንቆጣዋለን።

ይህ ቁጣ ምን እንደሚያደርስ ያየሁት በዚሁ በሰፈራችን ነው። ከእኔ ብሎክ ብዙም በማይርቅ ብሎክ የምትኖር አንዲት ወጣት አለች። ስሟን እንዳልጠራ ቃል አስገብታኛለች፤ የሆነውን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አማርኛ ሳስተምር በኖርሁበት ዘመን ብዙ የተማሪ ድርሰት አርሜአለሁ፤ ይህች ልጅ በመስመር ደብተር ጽፋ እንዳመጣችልኝ አጭር ልብ ወለድ ያለ ጽሑፍ ያጋጠመኝ ግን ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ለማረም ያነሣሁትን ቀይ እስክሪብቶ አስቀምጬ እስከ መጨረሻው አነበብሁት፤ ከዚያም ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምሁት።

ልብ ወለዱ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ስለምታስረክብ፣ ሁለት ሴቶች ልጆችን ብቻዋን ስለምታሳድግ እናት ነው። ተራኪዋ ትልቋ ልጅ ናት። እናቲቱ ክፉ ሴት አይደለችም። አትማታም፣ አትሳደብም። ለሁለቱም ልጆች ዩኒፎርም በጊዜው ታሰፋለች፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አታሳልፍም፣ ትልቋ ስትታመም ሌሊቱን ሙሉ ከራስጌዋ አትነሣም። ሽሮውን ስትጨልፍም ለሁለቱም እኩል ነው የምትጨልፈው። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ትልቋ ልጅ አንድ ነገር ታስተውላለች፤ እናቷ ከገበታው ጠቅልላ የምታጎርሰው ታናሺቱን ብቻ ነው። ለትልቋ «ብዪ እንጂ» ትላታለች። ከዚያች ቀን በኋላ ልጅቱ በየገበታው ስትጠብቅ ትኖራለች፤ በእንቁጣጣሽ ትጠብቃለች፣ በፋሲካ ትጠብቃለች፣ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ካርዷን ይዛ በመጣችበት ቀን ትጠብቃለች። የእናቷ እጅ ወደ እርሷ የተነሣ በመሰላት ቁጥር አፏን ልትከፍት ትቃጣና ትተወዋለች። በመጨረሻ ወደ ቤይሩት ለሥራ በምትሄድበት ዕለት ሻንጣዋ በር ላይ ቆሟል፤ እናቲቱ ዶሮ ሠርታለች፣ ለመንገዱም ድርቆሽና በሶ ቋጥራላታለች። ሦስቱም በአንድ ትሪ ይቀርባሉ። እናቲቱ እንጀራውን ትቆርሳለች፣ ከወጡ አጥቅሳ ትጠቀልላለች፣ ታናሺቱን ታጎርሳለች፤ ከዚያም ወደ ትልቋ ዞር ብላ «ብዪ እንጂ፣ መኪናው ደርሷል» ትላታለች። ልብ ወለዱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ጉርሻ በእኛ ቤት ምን እንደሆነ በዚህ አዳራሽ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ይህች ልጅ የፍቅርን መጉደል ለማሳየት ዱላ አላስፈለጋትም፣ ስድብ አላስፈለጋትም፣ ረኃብም አላስፈለጋትም። ግዴታው ሁሉ በሚገባ በተፈጸመበት ቤት፣ ማንም ጎረቤት ነቀፋ በማያገኝበት ቤት፣ ለዳኛ ቢነገር ጥፋት በማይገኝበት ቤት ውስጥ ፍቅር ሊጎድል እንደሚችል አሳየችን። ይህ በዕድሜ የገፋ ጸሐፊም በቀላሉ የማይደርስበት የእይታ ከፍታ ነው።

ጽሑፉን ለአንድ የአጫጭር ልብ ወለድ ውድድር እንድትልከው መከርኋት፤ ላከችው። ከወራት በኋላ የመጣላትን መልስ ይዛ በሬን አንኳኳች። መልሱ ቋንቋዋን ያመሰግናል፣ የታሪኩን አወራረድ ያመሰግናል፣ አጨራረሱንም ያመሰግናል። ከዚያ በኋላ ታሪኩ እናትን እንደሚያሳንስ፣ ከኢትዮጵያዊት እናት ጠባይ ጋር እንደማይሄድና በዚህ መልኩ ሊመረጥ እንደማይችል ይገልጻል። በመጨረሻም ምክር ይለግሳታል፤ እናቲቱን እንጀራ እናት አድርጊያት፣ ያን ጊዜ በሚቀጥለው ዙር ሊታይልሽ ይችላል ይላል።

ይህን ምክር ደግማችሁ አስቡልኝ። ሽሮው እንዳለ ይቀመጥ፣ ጉርሻው እንዳለ ይቀመጥ፣ ሻንጣውም ከበር ላይ አይነሣ፤ እናቲቱ ብቻ እንጀራ እናት ትሁን ነው የተባለው። ያ ከሆነ የልጅቱ ሥቃይ ከባህላችን ጋር ይስማማል ማለት ነው። ልጅቱ መልሱን ካነበበችልኝ በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «መምህር፣ እንዲህ ከሆነ የእኔ ዓይነት ልጅ የት ትጻፍ?» አለችኝ።

እኔ በዚያ ምክር የተቆጣሁት በመጀመሪያ ስለዚህች ጸሐፊ ነው፤ ነገር ግን ስለ እርሷ ብቻ አይደለም። ስለ እንጀራ እናትም ተቆጥቻለሁ። ከአያቶቻችን ተረት ጀምሮ በቤት ውስጥ የጠፋ ፍቅር ሁሉ ዕዳው በእርሷ ላይ ሲጻፍ ኖሯል። ልጅን ወደ ዱር የምትልክ እርሷ፣ እህል የምትነፍግ እርሷ፣ አባትን ከልጁ የምትለይ እርሷ ናት። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያልወለዷቸውን ልጆች አሳድገው፣ አስተምረው የዳሩ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ እኔ አውቃቸዋለሁ፣ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። በሌሊት ለሌላ ሴት ልጅ ምሳ ዕቃ የቋጠሩ እጆች እዚህ አሉ። የወለደች እናት ስም እንዳይነካ ሲባል ያልወለደችዋን ሴት ስም በየመጽሐፉ ማጉደፍ ግፍ ነው! ባህል የሚባል መጋረጃ ቢጋረድበትም ግፍ ነው! በዚህ ግፍ የተሠራ ልብ ወለድም እናትን አላከበረም፤ ከመታየት ሰወራት እንጂ።

ይህ ከባህላችን ውጭ ነው የሚሉ ሰዎች የአማርኛን ልብ ወለድ ከመነሻው ያንብቡት። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት፣ ዛሬ ጦቢያ በሚል ስም የምናውቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ከየት ይነሣል? አባት በጦርነት ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ያስለቅቀዋል፤ ወጣቱ ዋሕድ ያንን ባለውለታ ፍለጋ ወጥቶ በባርነት እጅ ይወድቃል፤ መንታ እኅቱ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። የትዳሩ ነገር የሚመጣው በኋላ ነው። መንገዱን ያስጀመረው የእኅት ለወንድም ያላት ፍቅር ነው። የልብ ወለዳችን የመጀመሪያ እርምጃ የቤተሰብ ፍቅር በተግባር ሲፈተን ማሳየት ነበር፤ በየቤቱ እንዳለ ተቆጥሮ የታለፈ ፍቅር አልነበረም።

ወደ ፍቅር እስከ መቃብር ልመለስና የተላመድነውን አነባበብ ለጊዜው ትተን ወላጆቹን እንያቸው። ውድነሽ በጣሙ ልጇን አጥብቃ የምትወድ እናት ናት፤ ይህን የሚጠራጠር አንባቢ የለም። በዛብህ በሕፃንነቱ ሕመም ሲበረታበት፣ ከሞት ቢተርፍላት ለእግዚአብሔር ልትሰጠው ትሳላለች። ልጁ ይተርፋል፤ ስለቱም አብሮት ያድጋል። ጎልምሶ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ከፊቱ የሚቆመው ሳይጠየቅ የተገባበት የእናቱ ቃል ነው። ደራሲው እዚህ ላይ ያደረጉት ነገር እጅግ ደፋር ነው። እናት ከመውደዷ የተነሣ የልጇን ሕይወት ልታስር እንደምትችል፣ ያም ሆኖ እናትነቷና ፍቅሯ እውነተኛ እንደሆነ በአንድነት አሳዩን። ውድነሽን አላወገዙልንም፣ አላጸደቁልንምም።

ፊታውራሪ መሸሻስ? ልጃቸውን ለጋብቻ የሚጠይቅ በመጣ ቁጥር የዘሩን ማነስ እያነሡ ሲመልሱ የሰብለ ወንጌል ዕድሜ በአባቷ ቤት ያልፋል። ለዘራቸው ክብር ይጨነቃሉ፣ ለስማቸው ይጨነቃሉ፤ ልጅቱ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል የምትቀመጥበት ቦታ ግን ጠባብ ነው። እኒህ ሰው የወለዷት አባቷ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ የዘመናቸውን አንባቢ ላለማስከፋት ብለው ፊታውራሪ መሸሻን የሰብለ ወንጌል እንጀራ አባት አላደረጓቸውም! ቢያደርጓቸው ኖሮ አንባቢው «አባቷ ስላልሆነ ነው» ብሎ መጽሐፉን በሰላም ይዘጋው ነበር። ወደ ራሱ ቤት ዞሮ አይመለከትም፣ ሴት ልጁን ቀና ብሎ አያይም፣ ስለ ዘር ክብር የተናገረውን አያስታውስም ነበር። ያ መጽሐፍ ይህን ያህል ዘመን የኖረው አባትን አባት አድርጎ ስለጻፈ ጭምር ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። አቤ ጉበኛ አልወለድም በተባለው መጽሐፋቸው ገና በማኅፀን ያለ ጽንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ከእናቱ ጋር ሲከራከር ጽፈዋል። መጽሐፉ በዋነኛነት የተጻፈው ስለ ማኅበረሰቡ ግፍ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ልጅ እናቱን ለምን ትወልጂኛለሽ ብሎ የሚጠይቅበትን መድረክ በአማርኛ ለመዘርጋት የደፈረ ሰው ከእኛ በፊት እንደነበረ ላሳስብ እወዳለሁ።

ያቺ ልጅ ጽሑፉ ከተመለሰባት በኋላ በዚህ ቡድን የቅዳሜ ስብሰባ ላይ ራሷ አነበበችልን፤ ብዙዎቻችሁ በቦታው ነበራችሁ። አንብባ ስትጨርስ ከመካከላችን አንድ አባት ተነሥተው ያቀረቡትን ጥያቄ ታስታውሳላችሁ። «ልጆቻችን ይህን እያነበቡ እናቶቻቸውን መመዘን ቢጀምሩ ምን እናደርጋለን?» ብለው ነበር። በቅንነት የተነሣ ጥያቄ ስለሆነ በአክብሮት እመልሳለሁ። በእንዲህ ያለ ቤት የሚያድግ ልጅ መመዘን ለመጀመር መጽሐፍ አይጠብቅም፤ በየገበታው ሲመዝን ነው የኖረው። መጽሐፉ ሳይጻፍ ቢቀር የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ይህ ነገር የደረሰው በእርሱ ላይ ብቻ ይመስለዋል፣ የዚህም ምክንያት የራሱ ጥፋት እንደሆነ ያምናል። በሌላው ቤት ደግሞ እናቱን በሙሉ ልቡ የሚወድ፣ በእናቱም የሚወደድ ልጅ ይህን ታሪክ ቢያነብ እናቱን አይንቅም፤ በሚቀጥለው ገበታ የሚጎርሳት ጉርሻ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ያውቃል። ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው የሚያስፈራን?

በዚያው ቀን የተናገሩ አንዲት እናትም አሉ። ከእኔ ጎን ነበሩ የተቀመጡት። ሰው ሁሉ ስለ ባህል ሲከራከር እርሳቸው ዝም ብለው ቆዩና ወደ ልጅቱ ዞረው «ለመሆኑ ይቺ እናት ትልቋን ከማን ነው የወለደቻት?» ሲሉ ጠየቋት። ልጅቱ መልስ አልነበራትም። አዳራሹም ዝም አለ። እኔ በማስተማር ሥራ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ስለ አንድ ልብ ወለድ የተጠየቀ ከዚያ የበለጠ ጥያቄ አልሰማሁም።

ልጅቱ ጽሑፉን ይዛ ሄደች፤ ከብዙ ሳምንታት በኋላም አንድ አንቀጽ ጨምራ መለሰችልኝ። በአዲሱ አንቀጽ እናቲቱ ገና በልጅነቷ፣ ያለ ፈቃዷ፣ አባቷ ለሚያህል ሰው ተድራ ነበር። ትልቋን ከእርሱ ወልዳ፣ ልጇን አዝላ፣ በሌሊት ከዚያ ቤት ጠፍታ ወደ አዲስ አበባ መጣች። ታናሺቱ ከዓመታት በኋላ ወድዳ ካገባችው፣ በኋላም በሞት ከተለያት ሰው የተወለደች ናት። የትልቋ ፊት የዚያ የመጀመሪያው ሰው ፊት ነው፤ ልጅቱ ስትስቅ እናቲቱ የምታየው የእርሱን ጥርስ ነው። ይህ አንቀጽ ከገባ በኋላ ታሪኩን እንደገና ሳነበው ያ እኩል የተጨለፈው ሽሮ ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት። መውደድ ያቃታት ሴት፣ ልጅቱ ጥፋት እንደሌለባት ስለምታውቅ፣ በጭልፋዋ ፍትሕ ለማድረግ ዕድሜዋን ሙሉ ስትታገል ኖራለች። ሌሊቱን ከራስጌዋ ያልተነሣችው ለዚህ ነበር። እጇ ግን ጉርሻው ላይ አልታዘዝላት አለ።

አሁን ያንን ምክር ከዚህ አንቀጽ ጋር አስተያዩት። እናቲቱ እንጀራ እናት ብትሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሊጻፍ አይችልም ነበር። የልጅነት ጋብቻው፣ የሌሊቱ ሽሽት፣ ልጇ ፊት ላይ የሚመለስባት የዚያ ሰው ሳቅ፣ የጭልፋው ፍትሕ፣ አንዱም አይኖርም። «ስላልወለደቻት ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ይደፍነው ነበር። እናትን ለማክበር ተብሎ የተሰጠው ምክር የዚህችን እናት መከራ ከነነፍሷ ይቀብረው ነበር። እኔ የምለው ይህንን ነው! እናትን ማክበር ከፈለግን ምን እንደደረሰባት እንጻፍ! ምን እንደተሳናት እንጻፍ! ልቧ ውስጥ ያልገባንባትን ሴት ባዶ ዙፋን ላይ አስቀምጠን መስገድ ለእርሷ ምንም አይጠቅማትም!

በየዓመቱ እጄ የሚገቡት የጀማሪ ጸሐፊዎች ሥራዎች ብዙዎቹ በአንድ ዓይነት እናት የተሞሉ ናቸው። ሳትበላ ታበላለች፣ ሳትለብስ ታለብሳለች፣ በጭስ የጠፋ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ በመጨረሻው ገጽ ላይም ትሞትና ልጁ በመቃብሯ ላይ ያለቅሳል። እንዲህ ያሉ እናቶች በእውነት አሉ፤ እኔንም ያሳደገችኝ እንዲህ ያለች ሴት ናት። ነገር ግን ከእነዚህ ታሪኮች ውስጥ እናቲቱ ምን እንደምትፈራ፣ በማን እንደምትቀና፣ ከልጆቿ የትኛውን እንደምታዳላና ለምን እንደምታዳላ፣ ልጅ ባትወልድ ኖሮ ምን መሆን ትፈልግ እንደነበር የሚነግረኝ አላገኘሁም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው የሚለውን ብሂል ያቆዩልን ሰዎች ስለ ልጆች ልዩ ልዩነት ተናግረዋል፤ የእናቶችንም ልዩ ልዩነት መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው። ስለ አባቶችም እንደዚሁ ነው። አባት በጽሑፎቻችን ወይ ይመታል፣ ወይ ይጠጣል፣ ወይ ሞቷል። ከሥራ መጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ከልጁ ጋር ምን እንደሚነጋገር ጠፍቶት ሬዲዮ የሚከፍተውን አባት፣ ልጁም ያንን ሬዲዮ እስከ ዕድሜው ማምሻ የሚጠላበትን ቤት የጻፈልን የለም። እንዲህ ያሉትን አባቶች በየብሎኩ እናውቃቸዋለን።

ስለ ጓደኝነት ብዙ ለማለት አስቤ ነበር፤ ጊዜው እየሄደ ስለሆነ ጥቂት ብቻ ልበል። ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሰው ጉዱ ካሣን አይረሳም። ሰው ሁሉ እንደ ጉድ የሚያየው፣ በዕድሜም በዘርም ከበዛብህ ጋር የማይመጣጠን ሰው፣ ለዚያ ድኻ መምህር መጠጊያ ሆነው። እኔ የመጽሐፉን ርእስ ባየሁ ቁጥር እስከ መቃብር የዘለቀው የማን ፍቅር እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ የጉዱ ካሣም ፍቅር በዚያ ርእስ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ። በዓሉ ግርማም በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙት ከአድማስ ባሻገር ጋሽ አባተ ታናሽ ወንድሙን አበራን ሥራውን አክብሮ፣ አግብቶ፣ ወልዶ እንዲኖር ሲወተውተው አሳይተውናል። ጋሽ አባተ ወንድሙን ይወዳል፤ አበራ ግን በዚያ መውደድ ውስጥ የራሱን ምኞት የሚያስቀምጥበት ስፍራ አያገኝም። የእኛ ዘመን ጽሑፎች ግን ጓደኛን የሚጠሩት ለሁለት ሥራ ብቻ ነው፤ የፍቅረኛሞችን መልእክት ለማድረስ፣ አለዚያም ፍቅረኛ ለመንጠቅ። እኛ እኮ በዕጣ የተጎራበትን ሰዎች ነን። ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ፣ ከልደታ፣ ከመርካቶ መጥተን፣ ዕድራችንን ትተን፣ የማናውቀው ሰው ደጃፍ ፊት ለፊት ደጃፋችንን ከፈትን። ውኃ በሌሊት ስትመጣ ከታች ያለው ሰው አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ በር እያንኳኳ ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል፣ ለአሮጊቷም ጄሪካኑን ተሸክሞ ያወጣላታል። ያ ሰው ማን ነው? ለምን ያደርገዋል? የገዛ ወንድሙ ከሜክሲኮ አደባባይ እዚህ ድረስ መምጣት ርቆት ዓመት ሲያልፍ፣ ከዚህ ጎረቤት ጋር ያለው ነገር ምንድን ነው? ይህን ጻፉልን።

የወንድማማቾችም ጉዳይ አለ። በከተማችን ዙሪያ የእርሻ መሬት ወደ ሕንፃነት ሲለወጥ በካሳ ገንዘብ የተካሰሱ፣ ከዚያ በፊት ግን በአንድ በሬ ያረሱ ወንድማማቾች አሉ። በእናት ቤት ሽያጭ የተኳረፉ እኅትማማቾችም ከዚህ አዳራሽ ብዙ አይርቁም። ፍቅሩ ከገንዘቡ በፊት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ፍርድ ቤት አይጠይቅም፤ ልብ ወለድ ግን መጠየቅ ይችላል።

አሁን ወደ መድበላችን ልምጣ። ከመራጮች አንዷ እንድሆን ጠይቃችሁኛል፤ ክብር ይሰማኛል፣ እቀበላለሁም፤ የምቀበለው ግን ከዚህ ቀጥሎ የምላቸውን ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ካሰፈረልኝ ነው። ማንም ጽሑፍ በውስጡ ባለችው እናት ወይም ባለው አባት ጠባይ ምክንያት አይውደቅ። ያልተመረጠ ሰው ሁሉ ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጠው፤ ምክንያቱም ስለ አጻጻፉ እንጂ ስለ ቤተሰብ ክብር አይሁን። ለማንም ጸሐፊ የገጸ ባሕርዩን ዝምድና እንዲለውጥ ምክር አይሰጥ። የጸሐፊዎቹ ስም ተሸፍኖ ይነበብ፤ በአንድ ግቢ የምንኖር ሰዎች ነንና የማን ቤት ታሪክ ነው ወደሚል ግምት እንዳንገባ ይህ የግድ ያስፈልገናል። ያቺ ልጅም የተጨመረውን አንቀጽ ይዛ ጽሑፏን ከሁሉ ጋር እኩል እንድታስገባ ጠይቄአታለሁ፤ እኔ ታሪኩን ስለማውቀው በእርሷ ጽሑፍ ላይ ድምፅ አልሰጥም።

ኮሚቴው እዚሁ ተቀምጧል፤ የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር፣ ከሌለም ጸሐፊያችን ይመዝግብልን። ጽሑፍ መቀበያው ሣጥን ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ከመጻሕፍት ክፍላችን በር አጠገብ ይቀመጣል። በኮምፒዩተር ማስተየብ የማትችሉ በእጅ ጽፋችሁ አምጡ፤ የደብተር ወረቀትም እንቀበላለን።

አመሰግናለሁ።